ሰላሃዲንና ስድስተኛው ዜማ

ካምፓላ፣ ዋንዴገያ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰላሃዲን ይማም አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። ስልክ ይጠግናል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ የተመራቂዎችን ጽሑፍ አትሞ ይጠርዛል። ተማሪዎቹ «ሃጂ» ነው የሚሉት። «መካን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው» ይላቸዋል። ይስቃሉ፤ በማግስቱም «ሃጂ፣ ጽሑፌ ደረሰ?» ይሉታል።

የሚታወቅበት አንድ ልማድ አለው። ሶላት ሲደርስ ማሽን ያጠፋል። ማተሚያው ከመቶ ሃያ ገጽ ሰባኛው ላይ ቢሆን፣ ባለጽሑፉም በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ቢቆጥር ለውጥ የለውም፤ ቁልፉን ተጭኖ ጸጥ ያደርገውና ይሄዳል። አባቱ ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። እሳቸው ሲሰግዱ ወፍጮው አይዞርም ነበር። ሰው ፈጣሪው ፊት ቆሞ ሳለ ገበያው በጀርባው ሲሠራለት ደስ አይላቸውም። ከልጆቻቸው ሁሉ ይህን የወረሰው ሰላሃዲን ብቻ ነው።

በአስራ ስምንት ዓመቱ ከኮምቦልቻ ወጥቶ መርካቶ አንድ ካሴት ቤት ተቀጠረ። ሥራው መገልበጥ ነበር፤ ከአንዱ ካሴት ወደ አስሩ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ጆሮው የተሳለው እዚያ ነው። አንድ ካሴት ስንተኛ ቅጂ እንደሆነ ሰምቶ ይናገራል። አንድ ጊዜ ከቤት ያመጣሁትን አሮጌ ካሴት ሰጥቼው ሩቡን ያህል ሰማና «ይሄ የልጅ ልጅ ነው» አለኝ። የካሴት ዘመን ሲያልፍ ናይሮቢ ሄደ፤ ከናይሮቢ ካምፓላ መጣ። እዚሁ የጅማዋን ተስኒምን አገባ።

እኔ የማውቀው በሥራ ነው። ለእርዳታ ድርጅቶች ሰነድ እተረጉማለሁ፤ እሱ ያትምልኛል። የተወዳጀነው ግን አርብ አርብ ቡጎሎቢ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። እዚያ ኃይለልዑል ትራምፔት ይጫወት ነበር።

ኃይለልዑል በወጣትነቱ አዲስ አበባ በወታደር ባንድ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ሚስቱ አለምዘውድ የአየር መንገድ ሠራተኛ ናት፤ ወደ ካምፓላ ስትመደብ ተከትሏት መጣ። ሃያ ዓመት ኖሩ። እሷ ቢሮ ትገባለች፤ እሱ ቀን ያስተምራል፣ አርብ ማታ ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ ጃዝ ይጫወታል። ፒያኖውን የሚይዝለት ኦብሳ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። ሰላሃዲን ደግሞ መቅረጫውን ይዞ ይመጣና ከምሰሶው ሥር ይቀመጣል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አይከፍለውም።

«ሙዚቃ ሐራም አይደለም እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እኔ መች ነፋሁ? የሚነፋውን ነው የምጠብቅ።»

የዒሻ ሶላት ካምፓላ ላይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሰላሃዲን መቅረጫውን ያጠፋል፣ ይወጣል። ኃይለልዑልም ይህን ስለሚያውቅ የባንዱን እረፍት ከዚያ ሰዓት ጋር አገጣጥሞታል። በማይክሮፎኑ «ሰላሃዲን ፈጣሪውን አነጋግሮ እስኪመጣ ድረስ እንብላ» ሲል የሚስቀው ብዙ ነው። ለዓመታት እንዲህ ነበር፤ አንድም ቀን አላጎደለም።

በ2020 ማርች አስራ ሦስት አርብ ነበር። አለምዘውድ ለሦስት ሳምንት ስልጠና ረቡዕ ዕለት ወደ አዲስ አበባ በርራለች። በዚያው አርብ ቀን የኮሮና በሽታ አዲስ አበባ መግባቱ ተነገረ፤ ሁላችንም ስልካችን ላይ ተደፍተን ነበር። ባንዱ አምስት ዜማ ተጫወተ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሰላሃዲን መቅረጫውን አጥፍቶ ወጣ፤ ኦብሳና ሌሎቹ ጓሮ ወጥተው ሊበሉ ተቀመጡ። ኃይለልዑል ግን አልወጣም። ወንበሩ ላይ ትንሽ ቆየና ትራምፔቱን አንስቶ ብቻውን ተጫወተ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ሰላሃዲን ሲመለስ ባንዱ ቦታውን ይዞ ነበር፤ መቅረጫውን አበራ፤ ምሽቱ ቀጠለ።

ቅዳሜ ጠዋት ኃይለልዑል ደወለለት። ከዚህ በኋላ ያለውን ያወቅሁት ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ግን በተራው ልናገረው።

«ሰላሁ፣ የትናንቱ በደንብ ወጣ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው።»

«ብቻዬን የተጫወትኩት? በእረፍቱ? እሱ ለአለምዘውድ ነው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እሱ እንዳይጠፋ።»

«አለ፣ ጋሼ» አለው ሰላሃዲን።

ለምን እንዳለ እሱም አያውቅም። ያፈረ ሰው አፉ ይቀድመዋል። ስልኩን ሲዘጋ የታየው ቀላል ነገር ነበር፤ በሚቀጥለው አርብ በሆነ ምክንያት እንደገና እንዲጫወተው ያደርጋል፣ ይቀርጸዋል፣ ነገሩ ያልቃል። የሚቀጥለው አርብ አልመጣም። መሰብሰቢያ ሁሉ ተዘጋ፣ ኤርፖርቱ ተዘጋ፣ ታክሲም ቦዳ የሚሉት ሞተርሳይክልም ሰው መጫን ተከለከለ። ኃይለልዑል በየሁለት ቀኑ ይደውላል። «ላክልኝ እንጂ።» «ፋይሉ ከባድ ነው ጋሼ፣ መንገድ ሲከፈት ራሴ አመጣለሁ።» ለአንድ ወር እንዲህ ተባባሉ።

በኤፕሪል አጋማሽ አንድ ጠዋት ኃይለልዑል ደረቱን ያዘው። ያኔ የግል መኪና ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ፈቃዱ ተገኝቶ ኦብሳ መኪናውን ሲያስነሳ ረፍዶ ነበር። ሆስፒታል በር ላይ አረፈ።

ለቀብር የተፈቀደልን አስር ሰው ነው። ሰላሃዲን ከዋንዴገያ ቡጎሎቢ ድረስ በእግሩ መጣ። አፈር ሲለብስ ኦብሳ ስልኩን ወደ መቃብሩ አዙሮ ይዞ ነበር፤ በስልኩ ውስጥ አዲስ አበባ ያለችው አለምዘውድ ነበረች። ድምፁን ዘግቶት ስለነበር አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ እናያለን።

ከአስራ አምስት ቀን በኋላ ለሰላሃዲን ደወለችለት። ኃይለልዑል በዚያ ቅዳሜ እሷንም አናግሯት ኖሯል። «ለነገርሽኝ ነገር ትናንት ማታ መልሱን ተጫውቻለሁ፤ በስልክ አይነገርም። ሰላሃዲን ይዞታል፤ ስትመጪ ትሰሚዋለሽ» ብሏታል። ኤርፖርቱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ላክልኝ አለችው።

ሰላሃዲን ያቺን ምሽት ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ተቀመጠ። ከአርቡ በፊት በነበረው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኃይለልዑል ለልምምድ ምግብ ቤቱ መጥቶ ነበር። ሰላሃዲን ለአርብ ማይክሮፎን ሊሞክር እዚያው ስለነበር ቀርጾታል፤ ብቻውን የተጫወተው አንድ ዜማ አለ። ይህን አነሳ። ከአርቡ ቀረጻ ላይ በዜማ መካከል ያለውን የሳህንና የወሬ ድምፅ ቆርጦ ከሥሩ አነጠፈለት፤ ከአራተኛው ዜማ መጨረሻ ጭብጨባ ወስዶ ሰፋለት። በሃያ ስምንት ዓመት ከሠራው ሁሉ እንደዚያ የረቀቀ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። የትኛውም ጆሮ አይለየውም፣ ከራሱ ጆሮ በቀር። ላከላት።

«ሰማሁት» አለችው በማግስቱ። «ሰላሁ፣ ምን እንደሰጠኸኝ አታውቅም።»

ኤርፖርቱ ኦክቶበር ላይ ሲከፈት ተመለሰች። ሁለተኛው መዘጋትም መጥቶ አለፈ። በዚህ መካከል ኦብሳ የአርቡን ቀረጻ፣ አለምዘውድ ከሰጠችው ዜማ ጋር፣ ጀርመን አገር ለሚገኝ ትንሽ አሳታሚ ላከውና ወደዱት፤ ሦስት መቶ ሸክላ ሊያትሙ ተስማሙ። ስሙ «አርብ በቡጎሎቢ» ሆነ። የጀርባውን ጽሑፍ እንድጽፍ አለምዘውድ ጠየቀችኝ። ጻፍኩ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሽት ነው፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። ሰላሃዲን ያንን አንብቦ ወረቀቱን መለሰልኝና «ስሜን አውጣው» አለኝ። ትሕትና መሰለኝ። እንዲያውም ወደድኩለት።

በ2022 መጀመሪያ አገሩ ሁሉ ሲከፈት ሸክላው ደረሰ። አርባ ቅጂ ለካምፓላ ተላከ። በዚያው ምግብ ቤት ተሰብስበን ሰማነው። ስድስተኛው ዜማ ሲጀምር አለምዘውድ ተነስታ ቆመች። «ይሄ ለእኔ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ማታ ማታ አነበዋለሁ» አለች። ሰው አጨበጨበ፤ በሸክላው ውስጥ ያሉትም አጨበጨቡ። ሰላሃዲንን በዓይኔ ፈለግሁት። ውጭ ከቦዳ ነጂዎቹ ጋር ቆሞ ነበር።

ረመዳን በዚያ ዓመት በኤፕሪል መጀመሪያ ይገባ ነበር። ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት የወሎ ሰው እርስ በርሱ አውፍ ይባባላል፤ በዓመቱ ውስጥ አውቄም ሳላውቅም ያስቀየምኩህ ነገር ካለ ይቅር በለኝ ማለት ነው። የሚጠየቀውም ሳያንገራግር «አውፍ ብያለሁ፣ አንተም በለኝ» ይላል። ዛሬ ዛሬ አንድ መልእክት ጽፎ ለሁሉም መላክም አለ። ሰላሃዲን በዚያ ሳምንት ወደ ቢሮዬ መጣ። ከስቷል።

«አውፍ በለኝ ካሣዬ።»

«ብያለሁ። ምን አድርገኸኝ ነው ደግሞ?»

«የጻፍከውን ውሸት አድርጌብሃለሁ።»

ነገረኝ። ሲጨርስ መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር ተወው ማለት ነበር፤ አልኩትም። ዜማው የኃይለልዑል ነው፤ ትራምፔቱም እሱ ነው፤ በሁለት ቀን ልዩነት የተጎዳ ማን አለ? ሴትየዋ ተጽናንታበታለች።

«ተስኒምም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር ያለችኝ» አለ። «አሁን ግን ረመዳንን በዚህ ሁኔታህ አትገባም ብላኛለች። እኔ ካሴት ስገለብጥ ሰው የመጀመሪያው ነው ብሎ ሲገዛ የልጅ ልጅ ሰጥቼ አላውቅም። ሰውየው አማና፣ አደራ አለኝ፤ አለ አልኩት፤ አለ እንዳልኩት ሞተ። ለእሱ እንግዲህ በምን ስልክ እደውላለሁ? የቀረችኝ እሷ ናት። ብቻዬን ግን እግሬ አልሄድ አለኝ።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ቡጎሎቢ ወዳለው አፓርታማዋ አብረን ሄድን። በሩን ስትከፍት ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ሰላሃዲን አጎንብሶ «እትዬ አለምዘውድ፣ አውፍ ይበሉኝ» አላት።

«ውይ ሰላሁ፣ ረመዳን ደረሰ እንዴ? ብያለሁ፣ ብያለሁ። ግቡ። ካሣዬ አንተም አውፍ ልትባል ነው የመጣኸው ወይስ ልትበላ?»

«አይ» አለ ሰላሃዲን። «መጀመሪያ ይስሙኝ። ከዚያ ነው የሚሉት።»

ቁጭ አላለም። እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ መሐል ወለሉ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ተናገረ፤ ሶላቱን፣ ያጠፋውን መቅረጫ፣ «አለ» ያለውን፣ ረቡዕን፣ የሰፋውን ጭብጨባ። አንድም ማመካኛ አልጨመረም። እሷ መጀመሪያ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ነበር፤ መቼ እንደሄደ አላየሁም።

«ረቡዕ ስንት ሰዓት?» አለች።

«ከአስር ሰዓት በኋላ።»

«ከኤንቴቤ ኤርፖርት ቀጥታ ነዋ የመጣው። እኔን አድርሶ።»

ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ስታወራ ፊቷን ወደ እኛ አላዞረችም።

«መኪና ውስጥ ተጣልተን ነበር። እንግባ፣ አገራችን እንግባ፣ ጡረታዬ ደርሷል ስለው አርቦቼስ አለኝ። ምን አልኩት መሰላችሁ? ሃያ ዓመት ሙሉ ለበላተኛ ጥሩምባ ነፋህ፣ አንድ የሰማህ ሰው አለ ወይ አልኩት። ሻንጣዬን አውርዶ፣ ደህና ግቢ ሳይለኝ ሄደ። ቅዳሜ ሲደውል ድምፁ ሌላ ነበር፤ ለስላሳ። መልሱን ተጫውቻለሁ አለኝ። እና እኔ ይኸው ሁለት ዓመት፣ በዚህ ውስጥ ይቅር ብሎኛል እያልኩ ነው የምሰማው። ለስለስ ያለ ቦታ አለው፤ እዚያ ጋ ታርቀናል እያልኩ። እስካሁን የምሰማው ለካ ንዴቱን ነው።»

ከመስኮቱ ተመልሳ ሰላሃዲን ፊት ቆመች።

«የአርቡ እንዴት ነበር?» አለችው።

«አላውቅም እትዬ። ሱጁድ ላይ ነበርኩ።»

ያኔ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ነበርክ።»

ነበርኩ። ወንበሬ ከእሱ አምስት እርምጃ አይርቅም። ለአንድ አፍታ የምችለው ሥራ ታየኝ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ መጨረሻው ላይ እንደ መሳቅ አለ እያልኩ ልነግራት እችል ነበር። ታምነኝ ነበር። ሰላሃዲን አጠገቤ ቆሞ ባይሆን አደርገው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

«ስለ በሽታው እያወራን ነበር» አልኳት። «ትራምፔቱ ሲጀምር አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ አልሰማህም አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አወራሁ። ከዜማው የማስታውሰው የለም።»

ከታች ግቢ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች ድምፅ ይሰማል።

«እንግዲያው አንድም ሰው አልሰማውም» አለች። «እንዳልኩት ሆነ።»

ከዚያ ወደ ሰላሃዲን ዞራ፣ በረጋ ድምፅ፣ «በር ላይ ያልኩህን አንስቼዋለሁ። አውፍ አላልኩም። ለካሣዬም አላልኩም። አሁን ሂዱልኝ» አለችን።

ደረጃውን ወርደን ታች ስንደርስ ሰላሃዲን ይቅርታ የተነፈገ ሰው አይመስልም ነበር። ሸክም አውርዶ ወገቡን ገና ማቅናት ያልቻለ ሰው ነበር የሚመስለው። «ልክ ናት» አለ ብቻ።

ለአሳታሚው ጻፍኩ። በኢንተርኔት ላይ ያለውን ጽሑፍ አስተካከሉ፤ የታተመው ሸክላ ግን የታተመ ነው። ረመዳን ወጥቶ፣ ዒድ አልፎ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አለምዘውድ አርባውን ሸክላ በሁለት ትልልቅ ከረጢት አስጭና ዋንዴገያ ሱቅ መጣች። ሰላሃዲን እኔንም ደውሎ ጠራኝ። ያልተሸጡትን ብቻ ሳይሆን ሰው የወሰዳቸውንም ከየቤቱ ዞራ ሰብስባቸዋለች።

«ጻፍ» አለችው። እሱ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። «ስድስተኛው ዜማ አርብ የተቀረጸ አይደለም።»

ጻፈ። «‹በልምምድ ጊዜ የተቀረጸ ነው› ልበል?»

«ልምምድ ብቻ አይደለም። ረቡዕ በል። ሚስቱን ኤርፖርት አድርሶ በተመለሰበት ቀን፣ ብቻውን ሆኖ፣ በል። የአርቡን ማንም አልያዘውም በል።»

እንዳለችው ጻፈ። ማይክሮፎኑን ማን እንደያዘ ይጻፍ እንደሆነ ጠየቃት። ስምህ ይግባ አለችው። የእኔም የጀርባ ጽሑፍ ስህተት መሆኑ በስሜ ገባ። አርባ ቁራጭ ወረቀት ታተመ፤ ሦስታችን ባንኮኒው ላይ ተደፍተን እያንዳንዱን ሽፋን ጀርባ ላይ ለጠፍን። አንድ ተማሪ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ መጥቶ «ሃጂ፣ ዛሬ ቢዚ ነህ» ብሎ ሄደ። እሷ የለጠፍናቸውን አንድ በአንድ እያነሳች፣ ጠርዙ የተነሳውን በአውራ ጣቷ ትጫናለች። ሰላሃዲን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ስትጨርስ ከረጢቶቹን አስነሳች። ሰላሃዲን በሩ ድረስ ሸኛት፤ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

«አውፉን አትጠይቀኝ። ተናድጄ አይደለም። ከአፌ ብቻ ልበልህ ብል አሁንም እልሃለሁ፤ አንተ ግን እሱን አትፈልገውም። የመጣልኝ ቀን እደውልልሃለሁ።»

«እሺ እትዬ» አላት።

በጁን ጡረታ ወጥታ ወደ አዲስ አበባ ገባች። ይህን የምጽፈው በዲሴምበር ነው። እኔ አልፎ አልፎ ደብዳቤ እጽፍላታለሁ፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ቤቷ ትመልስልኛለች፤ ያንን ነገር አታነሳም። ሰላሃዲን የአዲስ አበባ ስልክ ቁጥሯን በስሟ አስቀምጦታል። እስከ ዛሬ አልደወለችም። እሱም አልደወለም።